ይህ ጥለት ከየት መጣ? ለዓለም የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት ዋና ዳይሬክተር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ዋና ዳይሬክተር፣

ሥራዬ የቤት ውስጥ ዲዛይን ነው። ሰዎች አዲስ ቤት ሲገቡ መጋረጃው፣ ምንጣፉ፣ የሶፋው ጨርቅ ምን ይሁን ብለው ይጠይቁኛል። ብዙ ጊዜ መልሴ አንድ ነው፤ በእጅ የተሸመነ ነገር ፈልጉ እላለሁ። እንዲህ የምለው ለውበቱ ብቻ አይደለም። የዛሬ ቤቶች መስታወትና ሲሚንቶ ይበዛባቸዋል፤ ድምፅ ያስተጋባሉ። ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ከግድግዳው ትንሽ ራቅ ብሎ ሲሰቀል ድምፁን ይውጠዋል፤ ክፍሉም ጸጥ ይላል።

በቅርቡ ግን አንዲት ደንበኛዬ ያሳየችኝ መጋረጃ እንቅልፍ ነሳኝ። ጥለቱን ወዲያው አወቅኩት። ሸማኔዎች ድሩን እየቆጠሩ፣ ማጉን እያሳለፉ የሚያወጡት ጥለት ነው። ጨርቁ ግን ፖሊስተር ነው፤ ጥለቱም በማሽን የታተመ። ገልብጬ ሳየው ጀርባው ነጭ ነው። የተሸመነ ጥለት ከጀርባም ይታወቃል፤ የተሠራው ከክሩ ከራሱ ነዋ። መለያው ላይ የአምራቹ ስም አለ፤ የዲዛይን ምዝገባ ቁጥርም አለ። ጥለቱን ከእናት ከአባት ተቀብለው ስላቆዩት ሰዎች ግን አንዲት ቃል የለችም።

ቴክኖሎጂ የምጠላ ሰው አይደለሁም። ሽመናና ኮምፒውተር እኮ ዘመዳሞች ናቸው። ፈረንሳዊው ጆሴፍ ማሪ ዣካርድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በተበሱ ካርዶች የሚመራ የሽመና መሣሪያ ሠራ። የካርዱ ቀዳዳ የትኛው የድር ክር እንደሚነሳ ይወስናል። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ቻርልስ ባቤጅ ላሰበው የስሌት ማሽን ካርዶቹን የተዋሰው ከዚሁ ነው። ወደ ጨረቃ በሄዱት የአፖሎ መንኮራኩሮች ውስጥም የኮምፒውተሩ ፕሮግራም የተቀመጠው፣ የፋብሪካ ሴቶች ሽቦ በእጃቸው እያሳለፉ በሠሩት ማኅደረ ትውስታ ነበር።

እኔን የሚያሳስበኝ ቴክኖሎጂው ሸማኔውን ጥሎ እንዳይሄድ ነው። ይዞት የሄደበት ቦታም አለ። ኖርዌይ ውስጥ የሚሠራው ቲሲ2 የተባለ መሣሪያ እያንዳንዱን የድር ክር በኮምፒውተር ትእዛዝ ለብቻው ያነሳል። ማጉን የሚወረውረው ግን የሰው እጅ ነው። ከሁሉ የሚገርመኝ ሃሪስ ትዊድ የተባለው የስኮትላንድ ደሴቶች የሱፍ ጨርቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ የብሪታንያ ሕግ፣ በዚህ ስም የሚጠራ ጨርቅ በደሴቶቹ ነዋሪዎች፣ በየቤታቸው፣ በእጅ መሸመን አለበት ይላል። በዚያው ዘመን ሸማኔዎቹ ሰፊ ጨርቅ የሚያወጣ አዲስ መሣሪያ ገባላቸው። ሞተር የለውም፤ እንደ ብስክሌት በእግር ይረገጣል። ዛሬ ጨርቁ ኮት ብቻ አይደለም፤ ሶፋም ይለብሰዋል። መሣሪያው ሲዘምን ሸማኔው ከቦታው አልተነሳም፤ ሕጉ ቦታውን ይዞለታልና።

ይህ ዓይነት ሕግ የሌለው ሸማኔ ምን ይሁን? ዛሬ ጥለቱን በስልክ ፎቶ አንስቶ፣ በሶፍትዌር አስተካክሎ፣ ወደ ማተሚያ ማሽን መላክ የሰዓታት ሥራ ነው።

ፍርድ ቤት ይሂዱ እንዳይባል መንገዱ ጠባብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የአውስትራሊያ ፌዴራል ፍርድ ቤት አንድ ጉዳይ አይቶ ነበር። የአቦርጂናል (የአገሪቱ ነባር ሕዝቦች) ሠዓሊያን ሥዕሎች ያለፈቃድ ምንጣፍ ላይ ወጥተው፣ ምንጣፎቹ ቬትናም ተሠርተው አውስትራሊያ ገቡ። ሠዓሊያኑ ረቱ፤ ካሳም ተፈረደላቸው። የረቱት ግን የእያንዳንዱ ሥዕል ባለቤት በስም ስለሚታወቅ ነው። የሽመና ጥለት እንዲህ አይደለም። ማን እንደጀመረው አይታወቅም፤ የመንደር ሀብት ነው። የቅጂ መብት ደግሞ ስም ይፈልጋል። ፓናማ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው ሕግ እንደ ሞላ (ጨርቅ በጨርቅ ላይ እየተደረበ የሚሰፋ ጥበብ) ላሉ የነባር ሕዝቦች ጥበቦች የጋራ መብት ሰጥታለች። እሰየው ነው። ግን ሕጉ ከፓናማ ድንበር አይሻገርም፤ ፋይሉ ግን በሰከንድ ይሻገራል።

ወደ እርስዎ የመጣሁትም ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 ድርጅትዎ ያጸደቀው ስምምነት ፓተንት ጠያቂው የተጠቀመበት የዘረመል ሀብት፣ ለምሳሌ ዕፅዋት፣ ከየት እንደመጣ እንዲናገር ያስገድዳል። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ሪያድ የጸደቀው የዲዛይን ሕግ ስምምነት ደግሞ፣ አገሮች ዲዛይን አስመዝጋቢውን እንደ ጥለት ስላለ የሚያውቀው ባህላዊ መገለጫ መጠየቅ *ይችላሉ* ይላል። ለዕፅዋቱ «ግድ ነው» ተባለ፤ ለጥለቱ «ከፈለጋችሁ»። ይህ ልዩነት አልገባኝም። ሁለቱም ትውልድ ያቆየው ዕውቀት ነው።

አገሮች የሪያዱን ስምምነት ወደ ሕጋቸው ሲያስገቡ ባለሙያዎቻችሁ ያማክሯቸዋል። ያኔ ጥያቄውን ግዴታ እንዲያደርጉት ምከሩልን። ባህላዊ መገለጫዎችን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2000 የተቋቋመው ኮሚቴያችሁም ድርድሩን ይጨርስልን።

ጥለቶችን ሁሉ ስካን አድርጎ ኢንተርኔት ላይ መልቀቅ ይበቃል የሚሉ አሉ። እኔ እፈራዋለሁ። ለሌባ በሩን መክፈት እንዳይሆን። የጥለቶቹን መዝገብ ባለቤቶቹ ይያዙት፤ የዲዛይን መርማሪዎች በእነሱ ፈቃድ ይዩት። እኛም ሸማኔውን አግኝተን፣ ተስማምተን፣ ጥለቱን በፈለገው መሣሪያ አብረን እንሥራው። ብርሃን የሚያበራ ክር ቢያስገባበትም ደስታዬ ነው፤ ምርጫው የእሱ እስከሆነ ድረስ።

የምለምነው ጥያቄ አጭር ነው። «ይህ ጥለት ከየት መጣ? ባለቤቶቹስ ፈቅደዋል?» በማመልከቻ ቅጹ ላይ ሁለት መስመር ይበቃዋል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ የቤት ውስጥ ዲዛይነር