ለእጅ ኳስ መጀመሪያ ጣሪያ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን በስፖርት ገጻችሁ ላይ ክለብ ማለት ገንዘብ ነው የሚል ጽሑፍ አንብቤ ነበር። ጸሐፊው ስለ እግር ኳስ የጻፉትን ለእግር ኳሱ ሰዎች እተወዋለሁ። እኔን ያናደደኝ መጨረሻው ነው። እግረ መንገዳቸውን እጅ ኳስን ነካ አድርገው፣ እነዚህ ስፖርቶች ስፖንሰር እስኪያገኙ ድረስ አርፈው ቢጠብቁ ይሻላል ብለው አለፉ። እኔ ጎንደር ውስጥ ሰውነት ማጎልመሻ የማስተምር ሰው ነኝ። እጅ ኳስ ሥራዬም ሱሴም ነው። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

እስቲ ስለ አንድ የእጅ ኳስ ክለብ ላውራችሁ። ቴሃቬ ኪል ይባላል። ኪል በሰሜን ጀርመን፣ ባልቲክ ባሕር ዳር ያለች የወደብ ከተማ ናት። ሕዝቧ 250 ሺህ ገደማ ነው፤ እንደ በርሊን ወይም እንደ ሙኒክ አይደለችም። በእግር ኳስም ዕድል ብዙ አልቀናትም። ሆልስታይን ኪል የሚባለው ቡድኗ እ.ኤ.አ. በ1912 የጀርመን ሻምፒዮን ሆኖ ነበር፤ ከዚያ ቡንደስሊጋን፣ የጀርመንን ከፍተኛ ሊግ፣ ለመርገጥ እስከ 2024 ጠበቀ፣ ገብቶም በዓመቱ ወረደ። በእጅ ኳስ ግን ይቺ ከተማ 23 ጊዜ በአዳራሽ የጀርመን ሻምፒዮን ሆናለች። የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግን ደግሞ 4 ጊዜ ወስዳለች፦ በ2007፣ በ2010፣ በ2012 እና በ2020። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፣ የእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።)

ታዲያ ከየት ጀመሩ? ክለቡ የተመሠረተው ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1904 ነው። ሃሴ እና ቪንተርቤክ በሚባሉ ሁለት ሰፈሮች ያሉ ሰዎች ያቋቋሙት የጂምናስቲክ ማኅበር ነበር፤ ስሙም የመጣው ከሰፈሮቹ ነው። ያኔ እጅ ኳስ የሚባል ነገር በቅጡ እንኳ አልነበረም። ሕጉ በርሊን ውስጥ መልክ የያዘው በ1917 እና በ1919 ነው። ኪሎች የእጅ ኳስ ክፍል የከፈቱት በ1923። የዛሬው የወንዶቹ ቡድን ጥቁርና ነጭ ሽንትር ማሊያ ይለብሳል፣ ቲፎዞውም የሜዳ አህዮቹ ይላቸዋል። በኩራት ነው የሚሉት፣ እንዳትስቁ።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። በዚያ ዘመን እጅ ኳስ የሚጫወቱት ውጪ ነበር። በእግር ኳስ ሜዳ ላይ፣ 11 ለ11። በ1936ቱ የበርሊን ኦሊምፒክም የተጫወቱት ይሄንኑ ነው። ኪል በ1948 እና በ1950 የጀርመን ሻምፒዮን የሆነው በዚሁ በሜዳው ጨዋታ ነው። ግን የሰሜን አውሮፓን ክረምት ታውቁታላችሁ፣ ጭቃ፣ በረዶ፣ በአሥር ሰዓት ተኩል የሚመሽ ቀን። ስለዚህ ጨዋታው ቀስ በቀስ ወደ ቤት ገባ። 7 ለ7 ሆነ፣ ሜዳው 40 በ20 ሜትር፣ ጎሉ 3 በ2፣ ጨዋታው 30 ደቂቃ ሁለት ጊዜ። ዛሬ እኛ የምናስተምረው ይሄኛውን ነው።

እና ኪል አዳራሹን እንዴት አገኘ? ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፈች ከተማ ናት፣ ወደብ ስለሆነች ቦምብ ሲዘንብባት የነበረች። ማንም በወርቅ የተለበጠ ስታዲየም ሊሠራላት አልመጣም። ሲልት በምትባል ደሴት ላይ የጦር አውሮፕላን ማቆሚያ የነበረ ትልቅ የብረት ቤት ነበር። እሱን ፈታተው፣ ብረቱን አምጥተው፣ መሃል ከተማ ላይ አቆሙት። በ1951 ተከፈተ። ኦስትዜሃለ አሉት። የአውሮፕላን ጋራዥ ነው እንግዲህ! በኋላ ብዙ ጊዜ አድሰውታል፣ አሁን ከ10 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል፣ ስሙንም ለስፖንሰር ሸጠውታል። ልብ በሉልኝ፣ ስፖንሰሩ የመጣው አዳራሹ ከቆመ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

አዳራሹ ከተከፈተ በኋላ ኪል በ1957 በአዳራሽ ጨዋታ የመጀመሪያውን ሻምፒዮንነት አገኘ። ሃይንሪሽ ዳሊንገር የሚባል ኮከብ ነበራቸው፣ በሜዳውም በአዳራሹም ዋንጫ ያነሳ ሰው። በ1962 እና በ1963 ደገሙት።

ከዚያ ግን ቀጥ አለ። 31 ዓመት። ከ1963 እስከ 1994 አንድም የሊግ ዋንጫ የለም። ይሄን የምጽፈው ጣሪያ ከተገኘ ሁሉ ነገር ያልቃል ብዬ እንዳትጠረጥሩኝ ነው። አያልቅም። ጣሪያው የሠራው ሌላ ነገር ነው፦ በነዚያ 31 ዓመታት ውስጥ ልጆች ዝናብ ጣለ አልጣለ እየመጡ ይጫወቱ ነበር፣ አባቶቻቸው ተቀምጠው ያዩ ነበር፣ ክለቡ አልሞተም። በ1993 ኖካ ሰርዳሩሺች የሚባል አሰልጣኝ ሲመጣ ባዶ ቤት አልጠበቀውም። በመጀመሪያው ዓመቱ ሻምፒዮን አደረጋቸው። እስከ 2008 ቆይቶ 11 ጊዜ የጀርመን ሊግን ዋንጫ አነሳ፣ በ2007 ደግሞ ሻምፒዮንስ ሊጉን። የዚያ ዓመት ፍጻሜ ደግሞ ከጎረቤታቸው ከፍሌንስቡርግ ጋር ነበር፤ ፍሌንስቡርግ ላይ 28 ለ28 ወጡ፣ ኪል ላይ 29 ለ27 አለቀ። የጎረቤት ከተማ ፉክክር እንዴት እንደሚያሞቅ እኛ አማሮች ደህና አድርገን እናውቃለን፣ ባሕር ዳርን አልጠራሁም።

ቀጥሎ አይስላንዳዊው አልፍሬድ ጊስላሰን መጣ። በ2011/12 የሠራውን እስካሁን ሳስበው ይገርመኛል። በእጅ ኳስ ቡንደስሊጋው 34 ጨዋታ ተጫውቶ 34ቱንም አሸነፈ። አቻ እንኳ የለም። በዚያው ዓመት የጀርመን የጥሎ ማለፍ ዋንጫንና ሻምፒዮንስ ሊጉንም ጨመረበት። በ2019 ለፊሊፕ ዪኻ አስረከበ፤ ዪኻ ራሱ የኪል ተጫዋች የነበረ፣ በ2010 የዓለም ምርጥ የተባለ ቼክ ነው። በ2020 በባዶ አዳራሽ፣ ኮሮና ባለበት፣ ባርሴሎናን 33 ለ28 አሸንፈው ዋንጫ ወሰዱ። እንግዲህ ቁጠሩ፦ ከ1993 ጀምሮ 3 አሰልጣኝ። እኛ ሀገር ሦስት ጨዋታ የተሸነፈ አሰልጣኝ ሻንጣውን ይሸክፋል።

ንጹሕ ታሪክ ብቻ ነው አላልኩም። በ2009 ያ የ2007ቱ ፍጻሜ ዳኞች ተገዝተዋል የሚል ወሬ ወጥቶ የክለቡ ሰዎች ፍርድ ቤት ቆሙ። በ2012 በነጻ ተለቀቁ፣ ግን ክለቡ ለዓመታት ስሙ ሲጠራ ያ ነገር አብሮ ይነሳ ነበር። ሌላም አለ። ጉመርስባህ የምትባል 50 ሺህ ገደማ ሰው ያላት ከተማ 12 ጊዜ የጀርመን ሻምፒዮን፣ 5 ጊዜ የአውሮፓ ሻምፒዮን የሆነ ክለብ ነበራት፣ አላትም። ገንዘቡ ሲሳሳ በ2019 ወረደ። በታሪኩ የመጀመሪያው ነው። በ2022 ግን ተመልሶ አደገ። ለምን? አሁንም አዳራሽ አለ፣ ልጆች አሉ፣ ከተማው የኔ ነው ይላል። ገንዘብ ወጣ ገባ ይላል እንጂ ሁሌ አይቀመጥም።

አሁን ወደ ጎንደር። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ከተማው ምን እንደሆነ ያየ ያውቃል። ግን አስታውሱ፣ ያ ውድድር በተመረጡ ከተሞች እየዞረ ነበር የተካሄደው። አፄዎቹ ዋንጫውን ሲወስዱ እኛ ከፒያሳ እስከ አዘዞ በቴሌቪዥን ነበር ያየነው። ቲፎዞው አለ፣ ጉሮሮው አለ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚሄድበት ጨዋታ ግን የለውም። ልክ እንደ ኪል ሰው ማለት ነው፦ እግር ኳሱ ሩቅ ሲሆንበት አጠገቡ ያለውን ጨዋታ ይዞ ነው ከተማው የታወቀው።

ተጫዋች የለም እንዳትሉኝ። ምሳሌ ፍለጋ ሌላ አኅጉር ድረስ መሄድም አያስፈልግም፤ ግብፅ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ግማሽ ፍጻሜ ገብታ አራተኛ ወጥታለች። አፍሪካ አይችልም የሚለው ወሬ እዚያው ቀርቷል። የኛ ልጆች ይዘላሉ፣ ይወረውራሉ፣ ፍጥነቱ አላቸው። የሌላቸው ወለል ነው። እኔ የማስተምረው ሲሚንቶ ላይ ነው፣ መስመሩ ጠፍቶ በኖራ አስምረን። በረኛ ሲወድቅ ክርኑ ይላጣል፤ ሁለት ጊዜ ከተላጠ በኋላ የትኛው ልጅ በረኛ ልሁን ይላል? ሰኔ ሲገባ ደግሞ ያልቃል። እስከ መስከረም ዝናብ ነው። ስልጠና በዓመት ሦስት አራት ወር እየተቋረጠ ማን ሊያድግ ነው?

አዳራሽ አለ ይሉናል። እውነት ነው አለ። አንዱን ለልምምድ ጠይቄ ነበር፣ ስሙ ይቆይ። ስብሰባ አለ ተባልኩ፣ ቀጥሎ ሠርግ፣ ቀጥሎ ደግሞ ቁልፍ የያዘው ሰው ፈቃድ ወጥቷል። ይሁን። የባሰው ግን ሌላ ነው። ቁልፉ ቢገኝም መሃሉ ላይ ምሰሶ አለ፣ መድረኩ ደግሞ የሜዳውን ሩብ በልቶታል።

ስለዚህ ለጸሐፊው ወንድሜ መልሴ ይሄ ነው፦ ስፖንሰር አንጠብቅም። የምንጠብቀው ከተማው ቀጣዩን ትልቅ አዳራሽ፣ የስብሰባም ይሁን የኤግዚቢሽን፣ ሲሠራ መሃንዲሱ ወለሉን 44 በ22 ሜትር ያለ ምሰሶ እንዲተውልን ብቻ ነው። 40 በ20ው ለጨዋታው፣ ቀሪው በጎን አንድ አንድ ሜትር፣ ከጎሎቹ ኋላ ሁለት ሁለት ሜትር። ከፍታው 7 ሜትር ከሆነ ቅርጫት ኳሱም ቮሊቦሉም እዚያው ይጫወታል። መድረኩን ተነቃይ ያድርጉት። ሠርጉም ይደረግበት፣ ስብሰባውም፣ ግድ የለንም። የቆርቆሮ መጋዘን ቢሆንም ግድ የለንም፣ ኪሎች የጀመሩት በአውሮፕላን ጋራዥ ነው።

ከእናንተ ከጋዜጣው የምጠይቀው ደግሞ አንድ ገጽ ነው። በየከተማው ያሉትን አዳራሾች ሄዳችሁ ስንቶቹ ለጨዋታ እንደሚበቁ ለክታችሁ ጻፉልን። ጎንደር የምትመጡ ከሆነ ቀድማችሁ ንገሩኝ፣ ሜትር ይዤ አብሬያችሁ እዞራለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የሰውነት ማጎልመሻ መምህር
ከጎንደር