የአየር ጠመንጃ በልጆች እጅ

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

የአየር ጠመንጃን እንደ መጫወቻ የሚቆጥሩ ወላጆች ብዙ በመሆናቸው፣ የእንግሊዝና የዌልስ ሕግ በዚህ ረገድ የሚለውን ለአንባቢዎችዎ ማስታወስ ፈለግሁ። በዚያ ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላው ሰው የአየር ጠመንጃ መግዛትም ሆነ በስጦታ መቀበል አይችልም። ከ14 እስከ 17 ዓመት ያለ ወጣት፣ ባለይዞታው ከፈቀደለት፣ በግል ይዞታ ውስጥ ብቻውን መተኮስ ይችላል፤ ከ14 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ግን ቢያንስ 21 ዓመት የሞላው ሰው አጠገቡ ሆኖ ሊቆጣጠረው ይገባል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ከ2011 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአያያዝ ግዴታ ነው። ይህ ግዴታ ባለቤቱ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ያለ ፈቃድ መሣሪያውን እንዳያገኝ ተገቢውን ጥንቃቄ እንዲያደርግ ያዛል፤ ስለዚህም ተጠያቂው ልጁ ሳይሆን ትልቁ ሰው ነው። አንድ ወዳጄ ቤት ከበር ጀርባ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ የአየር ጠመንጃ፣ ከሥሩም የእርሳስ ጥይቶቹን ከቆርቆሮ ዕቃቸው አፍስሶ እየቆጠረ የሚጫወት ሕፃን አይቼ ደንግጫለሁ። ስፋቷ 4.5 ሚሊሜትር ብቻ የሆነች ጥይት እኮ ዓይን ለማጥፋት ትበቃለች።

ሻጮች መሣሪያውን ሲያስረክቡ ይህን ግዴታ ለገዢው በቃልም በጽሑፍም እንዲነግሩት፣ ወላጆችም ጠመንጃውንና ጥይቱን ለየብቻ ቆልፈው እንዲያስቀምጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ