ለጋሼ መታሰቢያ መዝገብ ቤት ጣሪያ፤ ሁለተኛ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ አባላትና ወዳጆች፣

በበልጉ ዝናብ፣ ሟቹ ጋሼ ያስቀሯቸው የሠራተኞች የክፍያ ወረቀቶች የሚቀመጡበት የመዝገብ ቤታችን ጣሪያ መደርመሱን ሰምታችኋል። ደጋግሞ መለመን እኛንም አድክሞናል፤ ነገር ግን ሰኔ ሳይገባ ካልከደንነው የተረፈውም ወረቀት ይበሰብሳል።

«የፊተኛው መዋጮ የት ገባ?» ለምትሉ፦ ወለሉን ሊሾ አስደርገን የብረት መደርደሪያ ገዛንበት። ውሃው ከላይኛው ረድፍ ያላለፈው በዚያ መደርደሪያ ነው። ጥፋታችን ሌላ ነው፤ ወጪ ለመቆጠብ ብለን አዲሱን ቆርቆሮ በአሮጌው የባሕር ዛፍ እንጨት ላይ አስመታነው። አሸንዳው በቅጠል ሲደፈን ውሃው ወደ ግድግዳው ዞሮ ምስጥ የጀመረውን ጨረሰው።

ከ36ቱ ቆርቆሮ 14ቱ ተጣመዋል፤ እነሱን እንተካለን። የቀሩት 22 የሚስማር ቀዳዳቸው በሬንጅ ተደፍኖ ይመለሳሉ። ፀረ ምስጥ የተቀባ ሞራሌና 16 ሜትር አሸንዳ ያስፈልገናል። የአናጺውና የቀን ሠራተኞቹ ሒሳብ በየዕለቱ ይከፈላል። የሠራተኛ ዋጋ አይደር ይላል ኦሪቱ፣ ላቡ ሳይደርቅ ክፈለው ይላል የነቢዩ መሐመድ ሐዲስ፤ በጋሼ ቤት ደግሞ የማንም ዋጋ አያድርም።

የረጠቡትን ደረሰኞች ፀሐይ ላይ አታስጡ የምንለው ቀለማቸው ስለሚጠፋ ነው። በየመሐሉ ነጭ ወረቀት እየገባ ጥላ ውስጥ ይደርቃሉ፤ የተጣበቀ ገጽ በግድ አይላቀቅም።

ይህ ሁሉ ለወረቀት? አዎ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከሥራ የተባረረ ሰው ወደ ሥራው ልመለስ ለማለት 3 ወር፣ ያልተከፈለ ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ለመጠየቅ 6 ወር ብቻ ነው ያለው። ጋሼ የእያንዳንዱን የቀን ሠራተኛና የጥበቃ ሠራተኛ የክፍያ ወረቀት ቅጂ ያስቀሩ የነበረው ማስረጃ ሲፈለግ ጊዜው እንዳያልፍ ነው። በአቶ በየነ ሰለሞን ይመራ የነበረው የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር (ኢሠአማ) የካቲት 28 ቀን 1966 አጠቃላይ አድማ ሲጠራ ከጥያቄዎቹ አንዱ የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል ነበር። ጋሼ ከዚያ ወዲህ ይህንኑ ሲጠይቁ ኖሩ፤ ወለሉ ሳይቆረጥ አረፉ።

ሒሳቡ በማኅበሩ ስም ነው፤ ያለ 3 ፊርማ አይንቀሳቀስም። ቁጥሩ በአባልነት ደብተራችሁ ጀርባ ታትሟል። ስትልኩ በምክንያቱ ቦታ «ጣሪያ» ብላችሁ ጻፉ፤ ባለፈው ይህ ስላልተጻፈ ገንዘቡ ከወርሃዊ መዋጮ ጋር ተደባልቆ አስቸግሮናል። በግለሰብ ስልክ፣ በቴሌብርም ቢሆን፣ አትላኩ። ደብተር የሌላችሁ ቅዳሜ ጠዋት ከገንዘብ ያዣችን ቁጥሩን ውሰዱ፤ ደረሰኝ ሳትቀበሉም አትሂዱ። በድጋሚ፦ በማኅበሩ ሒሳብ፣ «ጣሪያ» ተብሎ፣ ግንቦት ሳያልቅ።

ኮሚቴው