ዲስካችሁ «ጤናማ» ሲላችሁ

ውድ አባላት፣

የመከታተያው ፕሮግራም በአረንጓዴ «ጤናማ» ብሎ ስለጻፈ ብቻ ተዘናግታችሁ አትቀመጡ፤ ይህ ፍርድ ብዙ ጊዜ የሚለወጠው ከረፈደ በኋላ ነው። ከስማርት (SMART፣ ዲስኩ ስለ ራሱ ጤና የሚይዘው መዝገብ) ሰንጠረዥ መለያ ቁጥር (ID) 5ን (ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩ ሴክተሮች፣ ማለትም መረጃ የሚጻፍባቸው ትንንሽ ክፍሎች) እና 197ን (ማንበብ አስቸግረው ውሳኔ የሚጠብቁ) ፈልጉና ጥሬውን ቁጥር አንብቡ። ዜሮ ከሆነ መልካም። ጥቂት ሆኖ ለወራት ካልተነቃነቀ በዐይነ ቁራኛ መከታተል ይበቃል፤ በየሳምንቱ ከጨመረ ግን መረጃችሁን ዛሬውኑ ገልብጡ። 199 (መረጃ በገመዱ ሲተላለፍ የተፈጠሩ ስህተቶች) ካሻቀበ ዲስኩን ከመወንጀላችሁ በፊት ገመዱን ቀይሩ፤ ስንት ደኅና ዲስክ በገመድ ጥፋት ተጥሏል!

ሙቀቱን በተመለከተ፣ ለሚሽከረከር ዲስክ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ሴልሺየስ ምቹ ነው፤ የብዙዎቹ ጣሪያ 60 ነው። ኤንቪኤምኢ (NVMe፣ የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) በሥራ ላይ 60ን ቢያልፍ አያስደነግጥም፤ ሲብስበት ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል።

ጉግል እ.ኤ.አ. በ2007 ከ100,000 በላይ ዲስኮችን ተከታትሎ ባሳተመው ጥናት፣ ከተበላሹት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በዋና ዋናዎቹ የስማርት ምልክቶች ምንም ማስጠንቀቂያ አልሰጡም። ስለዚህ ረጅሙን ፍተሻ (ዲስኩ ራሱን ሙሉ በሙሉ የሚመረምርበትን) በወር አንድ ጊዜ አካሂዱ፤ ከመጀመራችሁ በፊት ግን የመረጃችሁ ቅጂ ሌላ ዲስክ ላይ መኖሩን አረጋግጡ።