ብፌው በደረጃው ይወጣል ወይ?

ኦፈንባህ፣ ጀርመን፣ ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለሚሚዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ? የእማዬ ጉልበትስ እንዴት ነው? እኔ ከብርዱ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

የድምፅ መልእክትሽን ሦስት ጊዜ ሰማሁት። የኮንዶሚኒየሙ ቁልፍ እጃችሁ ገባ ማለት ነው! በ1997 የተመዘገበ ቤት በ2018። እማዬ ስትመዘገብ አንቺ ገና ፊደል ትቆጥሪ ነበር። እልልታዋን ስሰማ ዓይኔ እንባ ሞላ። ግን «ቅዳሜ አይሱዙ ጠርተን፣ ጭነን፣ አራብሳ እንገባለን» ያልሽው አስደነገጠኝ። ቆይ እስቲ፣ ረጋ በይ። እኔም ባለፈው ጥቅምት ቤት ስቀይር እንዳንቺው ነበር ያሰብኩት።

ፍራንክፈርት ካለው ሆክስት ሰፈር ወደ ኦፈንባህ ነው የተዛወርኩት። ሩቅ አይደለም፣ ያው ኤስ 1 ባቡር ሁለቱንም ይነካል። ወረቀቱ ነው ሩቅ። እዚህ ተከራይ ቤት ሲለቅ ከሦስት ወር በፊት በወረቀት ጽፎ፣ ፈርሞ ያሳውቃል። ኢሜይል አይቆጠርም። ደብዳቤው ወር በገባ እስከ ሦስተኛው የሥራ ቀን ካልደረሰ የአንድ ወር ኪራይ ተጨማሪ መክፈል ነው። እሱን እንኳ በሰዓቱ አደረስኩ። ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

አዲሱን ቤት ስረከብ ኩሽና የተባለው ክፍል ባዶ ነው። ምድጃ የለ፣ መደርደሪያ የለ፣ የዕቃ ማጠቢያ እንኳ የለ። ከግድግዳው የውሃ ቧንቧ ብቅ ብሏል፣ በቃ። እዚህ አገር ብዙ ሰው ኩሽናውን ነቅሎ ይዞት ይሄዳል፣ እናንተ ሶፋ እንደምትጭኑት። የቀድሞው ተከራይ «600 ዩሮ ስጠኝና ልተውልህ» ብሎኝ ነበር። እኔ ብልጡ እምቢ አልኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳህን የማጥበው ሻወር ቤት ነበር።

ሶፋዬ ደግሞ በበሩ አልገባ አለ። በስድስት ሳንቲ ሜትር! አጋድመን ሞከርን፣ አቁመን ሞከርን፣ እግሩን ፈታን። ወይ ፍንክች። ሁለት ቀን ግቢው ውስጥ ዝናብ ሲመታው ቆይቶ ለአንድ ተማሪ ሰጠሁት። በ10 ዩሮ ሜትር የሚድን ነገር ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው አደራዬ ይኸው። ነገ ሜትር ይዘሽ አራብሳ ሂጂ። የበሩን ስፋት፣ የደረጃውን ስፋት፣ ከሁሉ በላይ ደረጃው የሚታጠፍበትን ቦታ ለኪ። አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። አባዬ ነፍሱን ይማረውና ያን ብፌ ከመርካቶ ሲያመጣው የጉለሌው ቤታችን በር ተነቅሎ እንደገባ እማዬ ስታወራ ሰምተሽ የለ? የኮንዶሚኒየም ደረጃ ግን አይነቀልም። የማይወጣ ከሆነ አናጺ እዚያው ጉለሌ ይፍታው፣ መስታወቱ ለብቻው በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ይሂድ።

ሁለተኛ፣ ዕቃ ከመግባቱ በፊት ቤቱን ጨርሱት። ወለሉ ገና ሊሾ ነው ብለሽኛል። ዕቃ ከገባ በኋላ ሴራሚክ ማንጠፍ፣ ቀለም መቀባት ማለት አልጋውን ከክፍል ክፍል እያዞሩ በአቧራ መታፈን ነው። ለሴራሚኩ የሚሆነውን በሚቀጥለው ሳምንት እልካለሁ። ቧንቧዎቹን ሁሉ ክፈቺና ውሃ ሲመጣ የሚያፈስ እንዳለ እዪ። ግድግዳውንም ፎቶ አንሺ። እኔን የድሮው አከራዬ «ግድግዳ ጭረሃል» ብሎ ማስያዣዬን ሊያስቀር ሲል ያዳነኝ በገባሁ ቀን ያነሳሁት ፎቶ ነው።

ምጣዱን አደራ። እኔ ምጣዱንና የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን አንድ መስመር ላይ ሰክቼ ቤቱን ድርግም አደረግኩት። እዚህ የተለመደው ፊውዝ 16 አምፒር ነው፣ ሁለቱን አይችልም። ለእማዬ ምጣድ ኤሌክትሪሺያኑ ለብቻው መስመር ይዘርጋለት። ካርቶኖቹ ላይም ውስጡ ያለውን ጻፊ። እኔ ጽፌ ነበር፣ ግን በአማርኛ። የተሸከመልኝ ጀርመናዊ ጓደኛዬ የእማዬን በርበሬ መኝታ ቤት፣ ከአንሶላ ጋር አስቀመጠልኝ። እስከ ዛሬ ትራሴ ያስነጥሰኛል።

ስለ ጫኝና አውራጅ አንቺ ከኔ በላይ ታውቂያለሽ። ዋጋውን ዕቃው መኪና ላይ ሳለ አትጀምሪው። ቀድመሽ ሂጂና የሰፈሩን ልጆች አነጋግሪ፣ «አራተኛ ፎቅ ነው፣ ብፌ አለው» ብለሽ ተዋዋይ። የብሎኩን ኮሚቴ ሰው ይዘሽ ብትሄጂ ደግሞ ጥሩ ነው።

ከወረዳው መሸኛ ሳታወጡ እንዳትለቁ። አንዴ አራብሳ ከገባችሁ ለአንድ ወረቀት ጉለሌ መመላለስ ቀን ይበላል። እኔም እዚህ በገባሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ ማዘጋጃ ቤት ሄጄ፣ አከራዬ የፈረመበትን ወረቀት አሳይቼ መመዝገብ ነበረብኝ። መሸኛ ግን አይጠይቁም፣ ለድሮው ከተማ ራሳቸው ያሳውቃሉ። ይቺን ነገር ወድጄላቸዋለሁ።

አሁን የምጽፈውን ለእማዬ አታንቢላት።

ጓዳው ውስጥ ያሉትን የተሰነጠቁ ጀሪካኖች፣ ክዳን የሌላቸውን ድስቶች፣ የአባዬን ካፖርት አስቢያቸው። ያ ሁሉ አራተኛ ፎቅ አይወጣም። አንቺ ግን እሷ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ጠብቀሽ እንዳትጥዪ። ባለፈው አሮጌውን ሰፌድ ስትጥዪባት ስንት ወር እንዳኮረፈች ታውቂያለሽ። በቀን አንድ ካርቶን፣ አጠገቧ ተቀምጠሽ፣ «ይሄ ለማን ይሰጥ?» በያት። «ይጣል» ካልሻት ምንም አትለቅም። «ይሰጥ» ካልሻት ግን ቤቱን ባዶ ታደርግልሻለች። ካፖርቱን ተዪው፣ ይውጣ።

እድሩንም እንዳታስወጪያት። ራቀ ብለሽ እንደምታስቢ አውቃለሁ። ግን አባዬን የቀበሩት እነሱ ናቸው። ወርሃዊውን አንቺ በስልክ ትልኪላታለሽ፣ አራብሳ ደግሞ ቀስ ብላ አዲስ ትገባለች። ሁለት እድር መክፈል ከብዶሽ ከሆነ አንዱን ለኔ ተዪው።

ከዚህ በኋላ ያለውን አንቢላት።

እማዬ፣ የጀበናሽን፣ የረከቦትሽንና የሲኒዎችሽን ካርቶን መጨረሻ ይጫኑት፣ መጀመሪያ ይውረድ። አልጋ ሳይዘረጋ ቡናው ይፈላ። እኔ በገባሁ በመጀመሪያው እሁድ መጋረጃ ለመስቀል ግድግዳ ስበሳ ታች ያሉት አሮጊት መጥተው በሬን ደበደቡ። እሁድ እሁድ እዚህ መሰርሰር አይፈቀድም ለካ። አፈርኩ። በማግስቱ ግን ዳቦና ጨው ይዘው መጡ። አዲስ ቤት ለገባ ሰው ይሄ የእነሱ ወግ ነው። እኔም ቡና አፈላሁላቸው። ሦስተኛውን ሳይጠጡ አልሄዱም።

ጸበሉን ልታስረጪ፣ ዶሮውንም ጾሙ የካቲት 9 ሳይገባ ልታደርሺ እንዳሰብሽ ሚሚ ነግራኛለች። ይድረስልሽ። ግን ቅዳሜ አይሁን እማዬ፣ ሴራሚኩ ይድረቅ። ሚሚዬ፣ አንቺ ብፌውን ለክተሽ ቁመቱንም ወርዱንም ዛሬ ማታ ላኪልኝ።

ወንድም ጋሼሽ