የጠፋው የፊልም ቻናል የት ገባ? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለውድ ደንበኞቻችን
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ ከዝርዝር የጠፋን የፊልም ቻናል ስለመፈለግ

ከፒያሳም፣ ከማራኪም፣ ከአዘዞም የምትጠይቁን አንድ ነገር ነው፤ «የለመድነው የፊልም ቻናል ጠፍቷል፣ መጥታችሁ ዲሹን አስተካክሉልን።» ጥያቄው አንድ ቢሆንም መልሱ አራት ነው። ቻናሉ ፍሪኩዌንሲ ቀይሮ ይሆናል፤ ሳተላይት ቀይሮ ይሆናል፤ በኮድ ተዘግቶ ይሆናል፤ ወይም ጨርሶ ስርጭት አቁሞ ይሆናል። ለመጀመሪያው ሪሞት ይበቃል። ለሁለተኛው ዲሽ ይዞራል። ለሦስተኛው ክፍያ ይጠየቃል። ለአራተኛው ግን ጣሪያ ላይ መውጣት ቆርቆሮ መርገጥ ብቻ ነው፤ የሞተ ቻናል ዲሽ ስለዞረ አይነሣም።

ሰው የሚያምታታው ሁለተኛውንና አራተኛውን ነው። ልዩነቱን ከታሪኩ ጫፍ እስከ ጫፍ የታወቀ አንድ የፊልም ቻናል ደህና አድርጎ ያሳያል። በዚህ ታሪክ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ዘ ሙቪ ቻናል» የእንግሊዝ ቻናል ነበር። ባለቤቱ ብሪቲሽ ሳተላይት ብሮድካስቲንግ፣ በአጭሩ ቢኤስቢ፣ ፈቃድ ያገኘው በ1986 መጨረሻ ነው። በዓለም አቀፍ ስምምነት ለእንግሊዝ የተመደበላት የሰማይ ቦታ 31 ዲግሪ ምዕራብ ሲሆን የተሰጣትም የአምስት ቻናል መንገድ ብቻ ነበር። ቢኤስቢም አምስት ቻናል አሰናዳ፤ ጋላክሲ፣ ናው፣ የስፖርት ቻናል፣ ፓወር ስቴሽን የተባለ የሙዚቃ ቻናልና በክፍያ የሚታየው የፊልም ቻናል። ማርኮፖሎ የተባለው ሳተላይት ጉልበተኛ ስለነበር ትልቅ ሳሕን አያስፈልግም፤ 38 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነች ጠፍጣፋ አራት ማዕዘን አንቴና ትበቃ ነበር። ስኳሪያል ይሏት ነበር። ለዓይን ታምራለች፤ ከዚያ ሳተላይት ውጪ ግን አትረባም።

ችግሩ የመጣው ከሪሲቨሩ ነው። ስርጭቱ ዲማክ በሚባል አሠራር ይላክ ነበር። ዲማክ ብርሃኑንና ቀለሙን ለያይቶ ስለሚልክ ምስሉ ከተለመደው የቴሌቪዥን አሠራር፣ ከፓል፣ ይጠራል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ዲማክን የሚያነበው ቺፕ በጊዜው አልደረሰም። ሳተላይቱ በኦገስት 1989 ተወንጭፎ ሰማይ ላይ እየጠበቀ ቻናሎቹ በኬብል የጀመሩት በማርች 1990፣ በአንቴና ደግሞ በኤፕሪል 1990 መጨረሻ ነው። ተፎካካሪው ስካይ በበኩሉ በፌብሩዋሪ 5 ቀን 1989፣ ከ19.2 ዲግሪ ምስራቅ፣ በአስትራ ሳተላይት፣ ቤት ያለው ቴሌቪዥን ሁሉ በሚያውቀው ተራ ፓል ጀምሮ ነበር። ከአንድ ዓመት በላይ ቀድሞ የሰዉ ጣሪያ ላይ ወጣ። ሁለቱም የሆሊውድ ፊልም መብት ለማግኘት ሲሻሙ ዋጋውን በራሳቸው ላይ አናሩት፤ ገንዘቡም ከተመልካቹ ቁጥር ቀድሞ አለቀ።

በኖቬምበር 2 ቀን 1990 ሁለቱ ተዋሐዱ። ጋላክሲና ናው ዓመቱ ሳያልቅ ተዘጉ። የፊልም ቻናሉ ግን አልተዘጋም፤ በ1991 ወደ አስትራ ተዛወረ። ከማርኮፖሎ የሚመጣው ስርጭት በ1992 መጨረሻ ቆመ፤ ሁለቱ የማርኮፖሎ ሳተላይቶችም ለኖርዌይና ለስዊድን ተሸጡ። ስኳሪያል ጣሪያው ላይ ለቀረችበት ሰው ቻናሉ ሞቷል፤ ለጎረቤቱ ግን በ19.2 ምስራቅ ይታያል። ስኳሪያሏን ማዞርም አይረዳም ነበር፤ አስትራ ጉልበቱ አነስተኛ ነው፣ ሞገዱም እንደ ማርኮፖሎ የሚሽከረከር ሳይሆን ቀጥ ብሎ የሚመጣ ነው፣ ሪሲቨሩም ፓልን በዚያ መልክ አይቀበልም። «ዘ ሙቪ ቻናል» የሚለው ስም ራሱ የጠፋው በ1997 ሲሆን ቻናሉ በስካይ ስም ተተካ።

በእኛም አገር በ2012 ዓ.ም. ገደማ የኢትዮጵያ ቻናሎች ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ሲዛወሩ የሆነው ይኸው ነበር፤ የጠፋ መሰለ እንጂ አልጠፋም። እኛ የቀናን ዕቃው በመትረፉ ነው፤ ያው ሳሕን፣ ያው ኤልኤንቢ (ሳሕኑ ፊት የሚቆመው ሲግናል ተቀባይ) አገልግሏል። መዞሩ ግን ትንሽ አይደለም። ከጎንደር ሲታይ ናይልሳት ከሰሜን ወደ ቀኝ ሲቆጠር በ257 ዲግሪ አቅጣጫ፣ ከአድማስ 37 ዲግሪ ከፍ ብሎ ይገኛል። ኮምፓስ የሌለው ሰው በጥቅምት አጋማሽ ፀሐይ የምትጠልቅበትን ጎን ይያዝ። በ57 ዲግሪ ምስራቅ ያለው ኢትዮሳት ደግሞ በ122 ዲግሪ፣ 63 ዲግሪ ከፍታ ላይ ነው፤ ከታኅሣሥ ፀሐይ መውጫ ወደ ደቡብ ጠጋ ብሎ፣ በጣም ቀና ብሎ። የሁለቱ አቅጣጫ ከክቡ ሲሶ በላይ ስለሚራራቅ ሳሕኑን «ትንሽ ነካ ማድረግ» አይሠራም።

ብዙዎች የሚረሱት ኤልኤንቢውን ነው። እኛ ወደ ምድር ወገብ ስለቀረብን ለናይልሳት ኤልኤንቢው በራሱ ዙሪያ 72 ዲግሪ ያህል መጠምዘዝ አለበት። ሳይጠመዘዝ ከቀረ ሆሪዞንታሉን (አግድም የሚመጣውን ሞገድ) ስትጠይቁት ቨርቲካሉን (ቁም የሚመጣውን) ያመጣል፤ ሲግናል አለ፣ ቻናል የለም። ለ57 ምስራቅ ደግሞ ወደ ተቃራኒው ጎን 56 ዲግሪ ያህል ነው። ሳሕኑን አዙሮ ኤልኤንቢውን እንደነበረ የተወ ሰው ቀኑን ሙሉ ጣሪያ ላይ ይውላል።

እንግዲህ ከመደወላችሁ በፊት ከሶፋችሁ ሳትነሡ ይህን አድርጉ። የጠፋውን ቻናል ቁጥር ላይ ሆናችሁ ሪሞቱ ላይ «ኢንፎ» ተጫኑና ፍሪኩዌንሲውንና ሆሪዞንታል ወይም ቨርቲካል መሆኑን በወረቀት ጻፉ። ከዚያ በዚያው ፍሪኩዌንሲ ያሉ ሌሎች ቻናሎችን ክፈቱ። እነሱ እየሠሩ እሱ ብቻ ከጠፋ ዲሹ ደህና ነው፤ ቻናሉ ሄዷል ወይም ቆሟል። በዚያ ፍሪኩዌንሲ ያለው ሁሉ ጠፍቶ ሌላው የሚሠራ ከሆነ ብላይንድ ስካን አድርጉ፣ ማለትም ሪሲቨሩ ራሱ ፍሪኩዌንሲዎቹን ሁሉ ይፈትሽ፤ በአዲስ ቦታ ይገኝ ይሆናል። ቨርቲካሉ ሁሉ እየሠራ ሆሪዞንታሉ ሁሉ ከጠፋ ሪሲቨሩ የሚልከው 18 ቮልት እየደረሰ አይደለም፤ ኬብሉ ወይም ኤልኤንቢው ይታይ። ፍሪኩዌንሲው ከ11700 በላይ የሆነው ብቻ ከጠፋ ደግሞ ሪሲቨሩ ለኤልኤንቢው የሚልከው የ22 ኪሎ ኸርዝ ምልክት እየደረሰ አይደለምና ዳይሴክ ስዊቹን (ከአንድ በላይ ኤልኤንቢ ከሪሲቨሩ ጋር የሚያገናኘውን) ወይም ኤልኤንቢውን ጠርጥሩ። ሁሉም ከተዳከመ፣ በተለይም ከክረምት በኋላ፣ ማያያዣው ላይ ውሃ ገብቷል፤ ሲፈታ የመሐሉ ሽቦ ወይም ዙሪያውን ያለው መረብ ጠቁሮ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ይገኛል። ጎማ ያልለበሰ ማያያዣ ከአንድ ክረምት አያልፍም።

ስሙ ዝርዝር ላይ እያለ «ስክራምብልድ» ካለ ወይም በስሙ አጠገብ የዶላር ምልክት ከመጣ በኮድ የተዘጋ ነው። ድምፅ እያለ ምስሉ ጥቁር ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሪሲቨሩ አሮጌ ስለሆነ አዲሱን የምስል አሠራር አያነብም። «በሰርቨር እንከፍትላችኋለን» የሚሏችሁ ካሉ ኮዱ በተቀየረ ቀን እንደገና ይዘጋል፤ ሕጋዊም አይደለም።

አንድ ማሳሰቢያ፦ በንዴት «ፋክተሪ ሪሴት» አትንኩ። የዳይሴክ ወደብ አቀማመጡንና የቻናል ዝርዝሩን አብሮ ያጠፋል፤ የአምስት ደቂቃ ሥራ የነበረው የአንድ ሰዓት ይሆናል።

የጻፋችሁትን ፍሪኩዌንሲና የሲግናሉን ገጽ ፎቶ በስልክ ላኩልን። ከፎቶው ቻናሉ የቆመ ወይም የተዘጋ መሆኑ ከታወቀ ሰው አንልክም፣ ሒሳብም አንጠይቅም።

ከሰላምታ ጋር
ዲሽ ተከላና ጥገና ክፍል
ፒያሳ፣ ጎንደር