ኦቾሎኒውን ከቤት አውጪልኝ

የኔ እህት፣

እንደምን ነሽ? ልጆቹስ? ለእማማ ለቅሶ አልደረስኩም። ከዚያ በኋላ መደወል አፈርኩ፤ ዛሬ ነገ ስል ሁለት ዓመት ሄደ። ይቅር በይኝ። ስንገናኝ በደንብ እጠይቅሻለሁ፤ አሁን የቸኮለ ጉዳይ አለኝ።

ትንሿ ለሐኪም ቀጠሮ አዲስ አበባ ትመጣለች። አባቷ አድርሷት ይመለሳል፤ ሁለት ሳምንት አንቺ ጋ ናት። ቤትሽን ደግሞ አውቀዋለሁ፤ ኦቾሎኒ አይጠፋበትም። ዶርም እያለን ትራስሽ ሥር ሳይቀር ትደብቂ አልነበር? ጾም ሲገባ ያ የኦቾሎኒ ሻይሽ!

ልጄን ኦቾሎኒ ሊገድላት ነበር።

መጀመሪያ ከንፈሯ ሲያብጥ ምች ነው ብዬ ዳማከሴ አሸሁላት። በሁለተኛው ጠረጠርኩ፤ ግን ሐኪም ጋ አልወሰድኳት። እስካሁን የሚቆጨኝ እሱ ነው። ባለፈው ወር ከሄርማታ ገበያ ስንመለስ ጎረቤት ቡና ጠራችን። ቆሎው ውስጥ ኦቾሎኒ አለበት። በገዛ እጄ አንድ በአንድ ለቅሜ አወጣሁና ገብሱን ሰጠኋት። ሁለተኛው ሳይቀዳ አንገቷን ታክ ጀመር። ሳማ የነካት ይመስል ሽፍታው እያየሁት ወደ ፊቷ ወጣ። አስመለሳት። ድምጿ ጎረነነ፤ ስትተነፍስ ሲር ሲር ይላል። በባጃጅ ጤና ጣቢያ ደረስን። ጭኗ ላይ አድሬናሊን ወጓት፤ በደቂቃዎች ውስጥ ትንፋሿ ተከፈተ። «እማዬ፣ ጫማዬስ?» አለችኝ። ያኔ ነው ያለቀስኩት።

ሐኪሙ እንዳስረዳኝ፣ ሰውነቷ የኦቾሎኒን ፕሮቲን እንደ ጠላት ነው የሚያየው። ሲያገኘው ሂስታሚንና ሌሎች ነገሮችን ይለቃል፤ የሚያሳብጣትም፣ ትንፋሽ የሚያሳጥራትም እሱ ነው። መቆላቱ አያጠፋውም። ገብሱ ላይ የቀረው ብናኝ ብቻ በቃት። ኦቾሎኒ የአተርና የሽምብራ ዘመድ ነው ሲሉኝ ሽሮም ከልክያት ነበር። ሐኪሙ «በልታው ምንም ካልሆነች ትብላ» አለኝ። ስለዚህ ሽሮ አትከልክያት፤ ትወዳለች።

አደራሽን፣ የተቀላቀለ ቆሎ ቤት አይግባ። ኦቾሎኒ የፈጨሽበትን ብሌንደር ለሷ አትጠቀሚበት። ብስኩት ስትገዢ የተጻፈውን አንብቢ። ቅርብሽ ያለው ጤና ጣቢያ አድሬናሊን እንዳለው ከወዲሁ ጠይቂ። ከተነሳባት የአለርጂ ኪኒን ሰጥተሽ እስኪሻላት አትጠብቂ፤ እሱ ማሳከኩን እንጂ ትንፋሿን አያድንም። አስተኝተሽ ውሰጃት፤ ትንፋሽ ካጠራት ቀና አድርገሽ ያዣት። በእግሯ አታስኪጃት። ከተሻላት በኋላም ቶሎ ይዘሻት አትውጪ፤ ከሰዓታት በኋላ ሊያገረሽባት ይችላል።

ከአምስት ልጆች አንዱን ያህል ሲያድግ ይለቀዋል ይላሉ። እኔም ያቺ አንዷ የኔ ትሁን ብዬ እጸልያለሁ።

ብዙ አዘዝኩሽ አይደል? ከሁለት ዓመት ዝምታ በኋላ... ግን ከአንቺ ሌላ ማን ጋ አምኜ እልካታለሁ? እማማ ቢኖሩ ገና በር ላይ ኪሷን ይፈትሹላት ነበር።

ቡናና ማር ልኬልሻለሁ። ሲደርስሽ ደውይልኝ። ለመቆጣትም ቢሆን ደውይ።

ያንቺው፣ ከጅማ